ፕራግን በዴ ሞይን ያስጎበኙን ሰው

ሊዲያ ስትደውል አንዲት ሽማግሌ ሴት ወደ ፍራንክፈርት በረራ በዊልቼር እየገፋሁ ነበር። በሥራ ሰዓት ስልክ አላነሳም። ሊዲያ ግን ቴክስት ትልክልኛለች እንጂ ኮል አድርጋልኝ ስለማታውቅ ደንግጬ አነሳሁት። "ሮማን፣ አባዬ አረፈ" አለችኝ። በአማርኛ ነው ያለችኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላት አላስታውስም። ተሳፋሪዋን አውሮፕላኑ በር ድረስ አደረስኩ፣ ቦርሳዋን አቀበልኳት፣ መልካም ጉዞ ተመኘሁላት። ከዚያ ባዶውን ወንበር ከግድግዳ አስጠግቼ ራሴ ተቀመጥኩበት። በአሥራ ሁለት ዓመት ሥራዬ በዚያ ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበር።

የሊዲያን አባት፣ ጋሽ ክፍሌን ያወቅኋቸው በፈረንጆቹ 2006 ነው። ዲቪ ደርሶኝ አሜሪካ ከመጣሁ ሁለት ወር ሆኖኝ ነበር። ከሲያትል አጠገብ ባለችው ቱክዊላ ከአክስቴ ልጅ ጋር እየኖርኩ ሲያትል ኤርፖርት ዊልቼር መግፋት ጀመርኩ፤ ሥራውን እንዲያሳዩኝ የተመደቡት እሳቸው ነበሩ። አጠር ያሉ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ ሰው ነበሩ። ሁላችንም ስኒከር ስናደርግ እሳቸው በየቀኑ የተወለወለ ቡናማ የቆዳ ጫማ ያደርጉ ነበር። የመጀመሪያ ትምህርቴን ገና ወንበሩን ሳልነካ ሰጡኝ።

"ከኋላ መጥተሽ አትግፊ። መጀመሪያ ከፊቱ ዞረሽ ስምሽን ንገሪው። ወዴት እንደምትወስጂውም ንገሪው። ሰው የሚገፋውን ሳያይ፣ የሚሄድበትን ሳያውቅ ከተገፋ ሻንጣ ሆነ ማለት ነው።"

እሳቸው ደግሞ ስም በመንገር ብቻ አይወሰኑም። ከሴኩሪቲው እስከ በሩ ድረስ ያወራሉ። ይህ አዳራሽ መቼ እንደተስፋፋ፣ መሬት ላይ ያሉት የነሐስ ዓሣዎች ለምን እንደተሠሩ፣ ቀኑ ጥርት ሲል የሬኒየር ተራራ በየትኛው መስኮት እንደሚታይ። ብዙ ጊዜ ተሳፋሪው ራሱ "እስቲ ትንሽ ቆም እንበል" ይላል። አለቃችን አንድ ቀን ሰዓቱን እያሳየ "ክፍሌ፣ ይሄ ቱር አይደለም እኮ!" አላቸው። እሳቸውም ፈገግ ብለው "ሰው የሚያልፍበት ሁሉ ቱር ነው" ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ።

እውነቱን ለመናገር አንዳንዴ ያታክቱ ነበር። ሰርግ ላይ ሙሽሮቹ እስኪገቡ አጠገብዎ ከተቀመጡ አዳራሹ ቀድሞ ምን እንደነበር ሳይነግሩዎት አይነሱም። ሌላ ሰው ታሪክ ሲያወራ ከተሳሳተ አያልፉትም፤ መሀል ገብተው ያርሙታል። በዚህ ጠባያቸው የተቀየሟቸው ሰዎች ነበሩ። እኔም በመጀመሪያው ወር አንድ ሁለቴ አብሬያቸው ላለመሳፈር አውቶቡስ አሳልፌያለሁ።

ያ ነገር ከየት እንደመጣ የገባኝ ወደ ቤት በምንመለስበት አውቶቡስ ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው መንግሥት ለትምህርት ወደ ቼኮዝሎቫኪያ ልኳቸው ፕራግ ነበር የተማሩት። በዕረፍት ወራት ከአፍሪካ የሚመጡ እንግዶችን የድሮዋን ከተማ በእግር ያስጎበኙ ነበር። ለእንግዶቹ የሚናገሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ የማስጎብኘት ፈቃድ ለማግኘት ግን ፈተናው በቼክኛ፣ በቃል፣ ከመጀመሪያው በር እስከ መጨረሻው ድልድይ ነበር። ፈታኟ ጠና ያሉ ሴት ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ጣሏቸው።

"ለምን ጣሉዎት?" አልኳቸው።

"ለአንዲት ፊደል! 'ር' እና 'ዥ'ን በአንድ ትንፋሽ የሚሏት ፊደል አለቻቸው። የሀገሬው ሕፃን እንኳ እስከ አምስት ዓመቱ ይቸገርባታል። ሴትዮዋ 'በዚህች ከተማ ድንጋይ ፊት ቆመህ ስሙን ልታበላሽበት አይገባም' አሉኝ። ተናደድኩ። በኋላ ሳስበው ልክ ናቸው። አንድ ክረምት ሙሉ ወንዝ ዳር እየሄድኩ ስጮህ ከረምኩ። በሦስተኛው አለፍኩ።"

ከእኔ ጋር ሥራ ላይ ሳሉ ከተማው መሀል ያለ አንድ አስጎብኚ ድርጅት ሰው እንደሚፈልግ ሰምተው አመለከቱ። የሲያትልን አሮጌ ሰፈር፣ ፓዮኒር ስኩዌርን፣ ከአስጎብኚዎቹ ይበልጥ ያውቁት ነበር። ሙከራ አስደረጓቸው። በማግሥቱ ሥራ ሲገቡ ጫማቸው እንደ ወትሮው ያበራል።

"እንዴት ሆነ ጋሽ ክፍሌ?"

"ወደቅሁ። ታሪኩ ቆንጆ ነው፣ አክሰንትህ ግን ለእንግዶቻችን ይከብዳል አለኝ፤ የፈተነኝ ልጅ ጨዋ ነው፣ እያፈረ ነው የነገረኝ።" ከዚያ ወንበሩን እያዞሩ "ሶ፣ በአማርኛ የሚሰማኝ ፈልጊልኝ" አሉኝ።

ፈለግሁላቸው። ከእኔ ጋር በሎተሪ የመጡ፣ ልጆቻቸው ያስመጧቸው እናቶች፣ ቱክዊላ ሱቅ ያላቸው የጉራጌ ባልና ሚስት። በየቅዳሜው ረፋድ ፓዮኒር ስኩዌር ያለው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት እንሰበሰባለን፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለሕንጻው ሰጥተው ፊታቸውን ወደ እኛ ያዞራሉ። ይህ ከተማ በእሳት ተቃጥሎ እንደነበር፣ እንደገና ሲሠሩት መንገዱን አንድ ፎቅ ያህል ከፍ እንዳደረጉት፣ የድሮዎቹ ሱቆች በርና መስኮት ዛሬም ከአስፋልቱ በታች እንዳለ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። በመሀል የአውቶቡስ ካርድ እንዴት እንደሚሞላ፣ ላይብረሪ ማን መግባት እንደሚችል ይነግሩናል። ብዙዎቻችን መጥተን ከአፓርትማችንና ከሥራችን ሌላ የምናውቀው ስላልነበረ ያቺ የቅዳሜ ጉዞ ከተማዋን የምንለምድባት ሆነች።

ልጃቸው ሊዲያ ያኔ ሃይስኩል ነበረች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ከኤርፖርቱ አጠገብ ባለችው በዴ ሞይን ከተማ ብቻቸውን ነው ያሳደጓት። በአማርኛ ሲያናግሯት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። አንድ ቅዳሜ አስገድደው አመጧትና መንገድ መሀል ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያስረዱ እጃቸውን ጎተተች። "ዳድ፣ ፕሊስ! ሰው እያየን ነው።"

"ታዲያ ሰው የመጣው ሊያይ አይደል?" አሏት። ያን ቀን ሳቅን። እሷ ግን ከዚያ በኋላ አልመጣችም። ተምራ ሬድመንድ የኮምፒውተር ሥራ ስትይዝም ለአባቷ በሳምንት አንዴ ትደውል ነበር እንጂ ስለ ቅዳሜው ነገር አታነሳም።

በ2013 መፀው አንድ ጠዋት ጋሽ ክፍሌ በቅርቡ የገዟትን መኪና ኤርፖርቱ ጋ ፓርክ አድርገው ሲወርዱ ወደቁ። ስትሮክ ነበር። ቀኝ እጃቸውና ቀኝ እግራቸው ሰነፈ። ከሁሉ የከፋው ግን አንደበታቸው መዘጋቱ ነው። ዓይናቸው ያውቀናል፣ ስናወራ ይሰማሉ፣ አፋቸውን ይከፍታሉ፤ ምንም አይወጣም። ያ ሁሉ ወሬ የሞላበት ሰው! ሊዲያ ሥራዋን ትታ ሆስፒታል ከረመች፤ እኔም ከሺፍቴ በኋላ እየሄድኩ እቀመጥ ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ድንገት አንድ ቃል አሉ። "ብራና።"

ሊዲያ ወደ እኔ ዞረች። "ምንድነው ብራና?"

"የቆዳ መጽሐፍ ነው። ዳዊት ፈልገው ይሆናል፤ ጸሎት አምሯቸው ነው" አልኳት። በማግሥቱ አንድ የማውቃቸውን ቄስ ለምኜ የብራና ዳዊት ተውሼ አመጣሁ። እንደ ሕፃን ታቅፌ አምጥቼ ፊታቸው ስዘረጋው አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ በደኅናው እጃቸው ገፉት። "ፕራሽና ብራና!" አሉ ተቆጥተው። ከዚያ ማንም ያልገባው ነገር ተንዠቀዠቀ፤ "ቫዤኔ ዳሚ አ ፓኖቬ…" እያሉ ሳያቋርጡ፣ በጠራ ድምፅ፣ ግራ እጃቸውን ወደ መስኮቱ እየዘረጉ ቀጠሉ።

ሊዲያ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። "አበደ፣ ሮማን። አባቴ አበደ" አለችኝ በእንግሊዝኛ።

እኔ ግን እጃቸውን እያየሁ ነበር። ያ እጅ ባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ሕንጻ የሚያሳየን እጅ ነው። ያን ጊዜ አውቶቡሱ ትዝ አለኝ። "ቼክኛ ነው! የፈተናው ነው!" ብዬ ሰው ልጠራ ሮጥኩ።

የንግግር ቴራፒስቷ ቀጭን፣ ጸጥ ያለች ሴት ነበረች። የነገርኳትን ስትሰማ ወዲያው በስልክ የቼክኛ አስተርጓሚ አስፈለገች። ከሰዓት በኋላ አንድ ሽማግሌ ሰውዬ መስመሩ ላይ ተገኘ። ስልኩን ስፒከር ላይ አድርገን አልጋው ላይ አኖርነው። ጋሽ ክፍሌ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። አስተርጓሚው ለረዥም ጊዜ ዝም ብሎ አዳመጠ።

"ሄሎ? ይሰማዎታል?" አለች ቴራፒስቷ።

"ይሰማኛል" አለ ሰውዬው፤ ድምፁ ተለውጧል። "እንዲህ ነው የሚሉት። 'ክቡራትና ክቡራን፣ ጠጋ በሉ። በፊታችሁ ያለው የባሩድ በር ነው። ትራሙን ተጠንቀቁ። አሁን ጸለትና በሚባለው መንገድ ወደ አደባባዩ እንወርዳለን።' ብራና ማለት በር ማለት ነው። እኔ የፕራግ ልጅ ነኝ። እኚህ ሰው ማን ናቸው?"

ሊዲያ ነበረች የመለሰችው። "አባቴ ነው" አለች።

ቴራፒስቷ ነገሩን እንዲህ አስረዳችን። ሰው አስቦ የሚናገረውና በቃሉ ሸምድዶ የያዘው በአንድ ቦታ አይቀመጥም፤ አንዱ ሲጎዳ ሌላው ሊተርፍ ይችላል። እኔም ገባኝ፤ ስሙን የረሳ ሽማግሌ አባታችን ሆይን ሳይሳሳት ሲደግም አይቻለሁ። "ይህን እንደ መሰላል እንጠቀምበታለን" አለች። "እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር መጀመሪያ በቼክኛ ይበሉት፤ ከዚያ አማርኛውን አጠገቡ እናስቀምጣለን።" ዋስትና ግን አልሰጠችንም። ብዙ ሰው መሀል ላይ እንደሚተወውም ሳትደብቅ ነገረችን።

ጋሽ ክፍሌ ቤታቸው ሲመለሱ ሊዲያ ሬድመንድ ያለውን አፓርትማዋን ለቃ አብራቸው ገባች። አስተርጓሚው ሙሉውን ጉብኝት በእንግሊዝኛ ጽፎ ልኮላት ስለነበር የፕራግን የድሮ ከተማ ካርታ በትልቅ ወረቀት አትማ ሳሎን ለጠፈች። ችግሩ አማርኛው ነው። ግንብ፣ ደወል፣ ሐዋርያት፣ ምሰሶ የሚሉትን ቃላት እሷም አታውቃቸውም። እኔ እነግራታለሁ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፈዋለች፣ ከዚያ ለአባቷ ትለዋለች፣ አባቷ ለመድገም ይታገላሉ። አባት የጠፋበትን፣ ልጅ ያልነበራትን ቃል በአንድ ጠረጴዛ ላይ አብረው ይማሩ ነበር።

እግራቸውን ለማሠራት በየቀኑ በዎከር ተደግፈው መሄድ ነበረባቸው። በቴራፒው ቤት ሃያ እርምጃ ሂዱ ሲሏቸው አሥር ላይ ይቆሙ ነበር። ሊዲያ አንድ ቀን የአፓርትማውን ኮሪደር አየችና የፕራግን ቦታዎች ስም በወረቀት ጽፋ በየበሩ አጠገብ ለጠፈች። የእነሱ በር የባሩዱ በር ሆነ። ኮሪደሩ የጸለትና መንገድ። ሊፍቱ ጋ ሰፋ ያለው ቦታ አደባባዩና ትልቁ ሰዓት። ከዚያ ጠበብ ያለው መንገድ፤ መጨረሻ ላይ፣ የልብስ ማጠቢያው ክፍል ጋ፣ ድልድዩ። ከዚያን ቀን ወዲህ ሃያ እርምጃ የሚል ሰው አያስፈልግም፤ ጉብኝት ከተጀመረ መሀል ላይ አይቆምም።

በየሳምንቱ እሑድ ከሰዓት እኔና ሊዲያ እንግዶች ነበርን። ጋሽ ክፍሌ ቡናማ ጫማቸውን አድርገው፣ ማሰሪያውን ሊዲያ አስራላቸው፣ ይወጣሉ። የጎረቤት ሰው የልብስ ቅርጫት ይዞ ሲመጣ እጃቸውን አንስተው ያስቆሙናል፤ ትራም ነዋ! ሰውዬው መጀመሪያ ግራ ገባው፤ በኋላ እሱም ደወል እንደሚደውል ሆኖ እያለፈ ያስቀን ጀመር። ድልድዩ ሲሠራ ለጥንካሬው ጭቃው ውስጥ እንቁላል ጨምረውበታል የሚባለውን ሲነግሩን ማጠቢያው ክፍል ያሉ ሴቶች ሥራ አቁመው ያዳምጡ ነበር፤ በቼክኛ፣ ምንም ሳይገባቸው።

አማርኛው ግን እምቢ አለ። ከቼክኛው ኋላ ተከትለው መድገም ይችላሉ፤ ከራሳቸው አንድ ቃል አይወጣም። ወሩ ሁለት ሆነ፣ አራት ሆነ። የራሳቸው ቃል የሚመስል ነገር የለም፣ ሰላምታ የለም፣ የልጃቸው ስም እንኳ የለም። ሊዲያ ከስታ ነበር። አንድ ጊዜ ኩሽና ውስጥ "የምናደርገው ለእሱ ነው ወይስ ለእኛ?" አለችኝ።

በአምስተኛው ወር አንድ እሑድ ሊፍቱ ጋ፣ ሰዓቱ ፊት ቆመን ነበር። ስለ ሰዓት ሠሪው የሚወራውን አፈ ታሪክ በቼክኛ ጨረሱ፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ሁለተኛ እንዳይሠራ ያሠሩት ሰዎች ዓይኑን እንዳጠፉት። አሁን አማርኛው ነው። "ዓይኑን… ዓይኑን አ…" አሉ። "አሳወሩት" አለች ሊዲያ ወረቀቷን እያየች። "አሳ… አሳ…" እንደገና። "አሳ…" ላብ በግንባራቸው ወረደ። ስድስት ጊዜ ሞከሩ፣ ሰባት ጊዜ። ማየት አልቻልኩም።

"ጋሽ ክፍሌ፣ ለዛሬ ይበቃል" አልኩና ክንዳቸውን ያዝኩ።

ክንዳቸውን ነጠቁኝ። ዓይናቸው እንደዚያ ተቆጥቶ አይቼው አላውቅም።

"አይበቃም!" አሉ።

ማንም አላስደገማቸውም። ወረቀት ላይ አልነበረም፤ በፕራግ ጉብኝት ውስጥ እንዲህ የሚል ቃል የለም። የራሳቸው ነው። ሊዲያ አፏን በሁለት እጇ ያዘች። እሳቸውም የወጣው ነገር ገርሟቸው፣ ጣዕሙን እንደሚያጣጥም ሰው ቀስ ብለው "አይ… በቃም" ብለው ደገሙት። ከዚያም ወደ ሰዓቱ ዞሩና ዓይኑን ያጠፉበትን ሰው ታሪክ ከመጀመሪያው ጀመሩልን።

ከዚያ በኋላም ቀላል አልነበረም። አንድ ቃል ይመጣል፣ ሁለት ይጠፋል። ግን መንገዱ ተከፍቷል። በመጀመሪያ ቁጣ ቁጣው መጣ፤ "ተዪው"፣ "አይደለም"፣ "እኔ ራሴ"። ከዚያ የልጃቸው ስም። በሚቀጥለው ዓመት አጭር አጭር ዓረፍተ ነገር ይሠሩ ነበር። አንድ ቀን ስልኬ ሲጮህ አነሳሁት፤ ራሳቸው ናቸው። ትንፋሻቸውን እሰማለሁ። "ሮማን" አሉ። ቆዩ። "ቅዳሜ። ሰው… ፈልጊ።"

"ጋሽ ክፍሌ፣ መንገዱ ዳገት አለው፣ ዝናብ ነው…"

"ፈልጊ" አሉና ዘጉት።

ሊዲያ ተቃወመች። ሰው ፊት ቃል ቢጠፋባቸው አንደበታቸው መልሶ እንዳይዘጋ ፈራች፤ እኔም ፈርቻለሁ። ቢሆንም ፈለግሁ። ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ ሦስት ዓመት መሩት፤ ቀድሞ በአንድ ሰዓት ተኩል የሚያልቀው ጉብኝት ሦስት ሰዓት ተኩል ይፈጅ ነበር። እኔ ደጋግሜ የማስበው ግን የመጀመሪያውን ቀን ነው።

ዘጠኝ ሰዎች መጡ። አብዛኞቹ አዲስ ናቸው። የድሮዎቹን ጉዞዎች የሚያውቁ እማማ ደብሪቱ ብቻ ነበሩ፤ ሰማንያ የተጠጉ፣ ልጃቸው ያስመጣቻቸው፣ ጉልበታቸውን እያሹ የሚሄዱ እናት። ዝናቡ ያካፋል። ሊዲያ ቃላቱ የተጻፉበትን ወረቀት በላስቲክ ሸፍና ከአባቷ ጎን ቆማለች። ጋሽ ክፍሌ እንደ ድሮው ጀርባቸውን ለሕንጻው ሰጡ። ስለ እሳቱ በአምስት ቃል፣ መንገዱ ከፍ ስለማለቱ በሰባት ቃል ነገሩን። ከዚያ አንድ ማዕዘን ላይ አስቆሙን። እዚያ የእግረኛ መንገዱ ውስጥ ትናንሽ ወይን ጠጅ የመሰሉ መስታወቶች ተደርድረው ተቀብረዋል።

"ይሄ… መስታወት" አሉ። "ከታች… ሱቅ አለ። ሰው አለ… ነበር። መስታወቱን ያደረጉት… ለ…"

እዚህ ላይ ቆሙ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ቃሉ የለም። ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይንጠባጠባል። አንድ ሰውዬ በቅንነት "ለማማር?" አለ። አይደለም በሚል ራሳቸውን ነቀነቁ። ሌላው "ለውሃ መውረጃ ይሆናል" አለ። ዎከሩን መሬት ላይ መታ አደረጉት። ሊዲያን አየኋት። ቃሉ ወረቀቷ ላይ አለ፣ አፏ ውስጥም አለ፤ የታችኛውን ከንፈሯን ነክሳ ይዛዋለች። ወረቀቱን አጣጥፋ ኪሷ ከተተችው።

አንድ ደቂቃ አለፈ፤ ሁለት ይሆናል። አላፊው እየዞረ ያየናል። ከመሀላችን አንዷ ሴት "እንሂድ እንዴ? ደክሟቸዋል" ብላ አንሾካሾከች።

"ዝም በይ" አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ጃንጥላቸውን እያስተካከሉ። "ይፈልገው። የራሱ ነው። እኛ ምን አስቸኮለን?"

ጋሽ ክፍሌ ዓይናቸውን ጨፈኑ። አንገታቸው ላይ ጅማታቸው ተገተረ። ግራ እጃቸው ከዎከሩ ተነሥቶ ወደ ሰማይ ተዘረጋ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ መሬት ወረደ፣ እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡ።

"ለብርሃን" አሉ። "ብርሃን… ወደ ታች… እንዲገባ።"

"እሰይ!" አሉ እማማ ደብሪቱ። "ታዲያስ!"

ዘጠኙም ሰዎች በአንድ ላይ ጎንበስ ብለው መስታወቱን አዩ። ሊዲያ ፊቷን በእጅጌዋ ጠረገች፤ ዝናብ ይሁን ሌላ አልጠየቅኋትም። ጋሽ ክፍሌ አይተን እስክንጠግብ ጠበቁን። ከዚያ ዎከሩን ወደ ግራ አዞሩና ወደሚቀጥለው ሕንጻ ጉዞ ጀመሩ፤ እኛም ተከተልናቸው።